ግራጫ ይሁን ነጭ? መጀመሪያ መስኮታችሁን እንይ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ቀለም ይሄዳሉ። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። ከመጡት ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን መልስ ረዘም አድርጌዋለሁ፤ የጠያቂዋ ችግር የብዙዎቻችሁ ችግር ስለሆነ ሌሎቻችሁም የራሳችሁን ቤት እያሰባችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 4 ሜትር በ3.5 ነው፣ ከፍታው 2.60። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ወደ ሰሜን ያያል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሌላ ብሎክ ተገትሯል። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ያየውን ግራጫ ቀለም ካልተቀባ ብሏል። እኔ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ነጭ ይሁን እላለሁ። ወለሉ ክሬም ሴራሚክ ነው፣ ሶፋው ቡናማ። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ልጆች ስላሏችሁ ዘይት ቀለም ይሻላችኋል፣ ይታጠባል» ይለናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ግን ሦስታችሁም ከቀለሙ ነው የጀመራችሁት። እኔ ከመስኮቱ ልጀምር።

አዲስ አበባ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትውልም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። አሁን የራስሽን መስኮት አስቢው። ፀሐይዋ በናንተ በኩል ስትሆን ክረምቱ ይገባና ደመናው ይጋርዳታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ እሷ ከሕንጻው ጀርባ ናት። ሳሎንሽ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው ማለት ነው። የሚደርሰው ብርሃን ከሰማዩና ከፊት ለፊቱ ብሎክ ግድግዳ ነጥሮ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ብርሃን ቀዝቀዝ ይላል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ባለቤትሽ የወደደው ግራጫ ፎቶ የተነሳው ግድግዳው ሙሉ መስታወት በሆነ ክፍል ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። አብዛኛው ግራጫ ውስጡ ሰማያዊ አለበት። ቀዝቃዛ ብርሃን ሲያርፍበት ያ ሰማያዊ ይወጣል፣ ሳሎኑም ልስኑ ገና ያልደረቀ ይመስላል። ይህን በዓይኔ ስላየሁት ነው የምነግርሽ፤ ሰዎች ብዙ ብር አውጥተው ቤታቸውን ካስቀቡ በኋላ «ያልተቀባ መሰለ» ሲሉ ያሳዝናል።

ነጩስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ነጭ ቀለም ያገኘውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ብርሃን አይፈጥርም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ድርቅ ያለ ነጭ ስትቀቢ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ያምራል፣ ጥግ ጥጉ ግን አመድ መስሎ ይቀራል። አዲስ ሆኖ ሳለ የቆሸሸ ይመስላል። እኔ ብሆን የማኛ ጤፍ ዱቄት መልክ ያለው ነጭ ነው የምፈልገው፤ ነጭ ነው፣ ግን ውስጡ ሞቅ ያለ ነገር አለው። በአንዳንድ ቀለም አምራቾች ካታሎግ ላይ ኤልአርቪ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ነው የሚናገረው፤ 0 ድፍን ጥቁር ነው፣ 100 ፍጹም ነጭ። ለእንዲህ ዓይነት ሳሎን ከ70 በታች አትውረዱ።

ከዚያ በፊት ግን ወለሉን እዩት። ወለልና ሶፋ በየዓመቱ አይቀየርም፣ ቀለም ይቀየራል፤ ስለዚህ ቀለሙ ነው ለወለሉ የሚታዘዘው። ክሬም የሚባል ሴራሚክ ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ቤት ሄጄ ባለቤቶቹ «ወለላችን ክሬም ነው» ብለው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም ገዝተው አገኘኋቸው። ከልጃቸው ደብተር መሀል ነጭ ወረቀት ገንጥዬ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ሴራሚኩ ወዲያው ሥጋ መልክ ሆኖ ታየ፤ ወደ ሮዝ የሚሄድ ነበር። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ወረቀቱን ስናይ ቆየን። ቢጫው ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ወለሉና ግድግዳው ዕድሜ ልካቸውን ሲጣሉ ይኖሩ ነበር። አንቺም ዛሬ ወረቀት አስቀምጪ። ወለሉ ወደ ቢጫ ካደላ ነጩም ትንሽ ቢጫ ይኑረው፣ ወደ ሮዝ ካደላ ትንሽ ቀይ ያለበት ይሁን።

ለባለቤትሽ ግራጫውን አንከለክለውም። ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ላይ ይቀባ፣ ግን ቡናማ የተቀላቀለበት ግራጫ ይሁን፤ ከሶፋችሁም ጋር ይስማማል፣ ጥቁሩም ስክሪን ነጭ ግድግዳ ላይ እንደ ቀዳዳ አይታይም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አታጥቁሩት። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ የሚመልስላችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቀቢው። ዘይት ቀለም ይታጠባል ማለቱ ልክ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር አልነገራችሁም። አንደኛ፣ ነጭና ክሬም ዘይት ቀለም ብርሃን በሌለበት ክፍል ከጊዜ ጋር ይበልጥ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ የናንተ ሳሎን ደግሞ እንደዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የግድግዳውን ጉድለት ሁሉ ያወጣል። ብርሃን ከአንድ መስኮት ብቻ እየገባ ግድግዳውን ተንተርሶ ሲያልፍ እያንዳንዱ እብጠትና ጭረት ጥላ ይጥላል። ስቱኮው ካለቀ በኋላ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ማታ መብራቱን አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ ወደ ጎን አብሩ። ያልተስተካከለው ቦታ ሁሉ ይታያችኋል። በእርሳስ ክበቡትና ቀቢው በብርጭቆ ወረቀት ይመለስበት። እመኑኝ፣ ከቀለሙ ዓይነት በላይ የቤቱን መልክ የሚለየው ይቺ አንድ ምሽት ናት።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ለግድግዳው በውሃ የሚበጠበጥ፣ የሚታጠብ ሲልክ ወይም ሳቲን፣ ማለትም በጣም ትንሽ ብቻ የሚያብለጨልጭ። ለኮርኒሱ ጨርሶ የማያበራ ማት። ዘይት ቀለሙ ለበርና ለመስኮት ፍሬም ይሁን፣ እጅ የሚበዛበት እዚያ ነውና። ቡና የምታፈዪበት ጥግ ካለ እዚያም የሚታጠበውን ሲልክ ከላይ እስከ ታች አስቀቢ። የእጣንና የከሰል ጢስ ማት ቀለም ላይ ከገባ አይወጣም።

መጠኑን ራሳችሁ አስሉ፤ ቀላል ነው። የአራቱ ግድግዳዎች ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ በ2.60 ሲባዛ 39 ካሬ ሜትር። በርና መስኮት ሲቀነስ ወደ 35 ይመጣል። ሁለት እጅ ሲቀባ 70 ነው። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፣ ስለዚህ 7 ሊትር። 8 ግዙ፣ ሲቧጨር የምትነኩት ይተርፋችሁ። ግድግዳው ገና አዲስ ልስን ከሆነ ይጠጣል፤ መጀመሪያ ፕራይመር ይቀባ። የሚቀየጥ ቀለም ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አስቀይጡ። ሁለተኛ ቀን የተቀየጠው ትንሽ ቢለይ ግድግዳው መሀል ላይ ይጋለጣል።

የመጨረሻው ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ካታሎግ ላይ ያለችው የጣት ስፋት ቀለም ምንም አትነግራችሁም። ትንሹን ጣሳ ግዙና ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡ። ካርቶኑን በየግድግዳው እያዞራችሁ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ መብራት በርቶ እዩት። አምፖላችሁ ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) ከሆነ አስቀድማችሁ ሞቅ ባለው በ3000 ቀይሩት። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። አንዳንድ ሰው አምፖሉን ብቻ ቀይሮ «ቀለሙን ተውነው» ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም። ከአዳማ ነው የምጽፍልሽ። ምድር ቤት ነን። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በሁለት ዓመት ሦስቴ አስቀብቻለሁ። የትኛው ቀለም ነው የሚጠነክረው? ሴራሚክ ብለጥፍበትስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አራተኛ ጊዜ እንዳታስቀባ። የሚጠነክር ቀለም የለም፤ ምክንያቱም የሚገፋው ከውስጥ ነው። ውሃ ከመሬት ተነስቶ በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጨውንም አሟሙቶ ይዞት ይመጣል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ያየኸው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ቀለም ስትደርብበት መውጫ ይዘጋበትና ቀለሙን ቀርፎ ይጥለዋል።

እርጥበቱ ከግድግዳው ይሁን ከክፍሉ አየር ለማወቅ የላላውን ቀለም ፋቅና ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገህ ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ሁለት ቀን ተወው። ጠሉ ከላስቲኩ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ከግድግዳው ነው የመጣው። በውጭው በኩል ከሆነ ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት ክፈት።

ከግድግዳው ከሆነ ወደ ውጭ ውጣ። የግቢው አፈር ከቤትህ ወለል ከፍ ብሎ ይሆን? አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር ይደፋ ይሆን? ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ካለ ቧንቧው ያንጠባጥብ ይሆን? መጀመሪያ እሱ ይሠራ። ከዚያ የተበላሸው ልስን ይነሳ፣ ግድግዳው በበጋው ይድረቅ፣ እንደገና ይለሰን። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም አይነካውም። ሴራሚክም ሆነ ጂብሰም ቦርድ እንዳትለጥፍበት፤ ውሃው ተደብቆ ከፍ እያለ ይሄዳል እንጂ አይቆምም።

እኔም ከዓመታት በፊት ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ ብዬ ነሐሴ ላይ፣ ያውም በእርጥብ ልስን ላይ ዘይት ቀለም አስቀብቼ ነበር። ለመስቀል እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ነበር፤ ሙሉ ክፍሉ ተፍቆ ነው የተሠራው። ግድግዳው እርጥብ ከሆነ በዓሉ ይለፍ። ጥቅምት ላይ ተረጋግታችሁ ቀቡት።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። የ2 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛውን አርግዣለሁ። ለልጆቹ ክፍል ደማቅ ቢጫ ዘይት ቀለም አስበናል። የመስኮቱ የድሮ ቀለም እየተፈረፈረ ስለሆነ ባለቤቴ ፍቆ አብሮ ሊቀባው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቢጫው ከማውራቴ በፊት ባለቤትሽ መፋቁን ያቁም። በድሮ ዘይት ቀለሞች፣ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴው ውስጥ ሊድ የሚባለው እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለፅንስም አደገኛ ነው። በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ ወለል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በልጁ እጅ ወደ አፉ ይገባል። በአገራችን ይህን ለመቆጣጠር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቷል፤ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይላል። የድሮው መስኮት ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው።

አንቺና ልጁ ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ሌላ ቤት ቆዩ። እሱ ቀለሙን በውሃ እያራሰ ይፋቀው፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወልወል። መጥረጊያ አይንካው፣ አቧራ ያስነሳል። አዲሱን ስትገዙ ሊድ የሌለበት መሆኑን ጣሳው ላይ አንብቡ። ለግድግዳው በውሃ የሚበጠበጠውን ውሰዱ፣ ሽታውም ቶሎ ይወጣል። ቢጫ ደግሞ አራት ግድግዳ ሲሆን እርስ በርሱ እየተንጸባረቀ ከገዛችሁት ይበልጥ ይደምቃል። ካሰባችሁት ሁለት ደረጃ ቀለል ያለውን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ጉለሌ የሚገኘው ቤቴ የጭቃ ቤት ነው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ። ልጆቼ ጣውላውን አንስተን ሴራሚክ፣ ኮርኒሱን ጂብሰም፣ ግድግዳውን ዘይት ቀለም እናድርግልህ ይላሉ። እኔ ልቤ አልፈቀደም።

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልብዎ ትክክል ነው ያለው፤ ልጆችዎንም ይህን ቢያስነብቧቸው ደስ ይለኛል።

የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። በክረምት እርጥበት ይወስዳል፣ በበጋ ይመልሳል። ዘይት ቀለም ሲቀባበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ውሎ አድሮ ጭድና ጭቃው ከእንጨቱ ይላቀቃል። ለእንዲህ ያለ ቤት ከድሮም የሚስማማው ኖራ ነው። በውሃ ጠፍቶ በደንብ የቆየ ኖራ፣ ቀጠን ተደርጎ ሦስት አራት እጅ ይቀባ፣ በየእጁ መሀል ይድረቅ። ቀለም ካማረዎት ጥቂት ቢጫ አፈር ቢገባበት የሚያምር ክሬም ይወጣዋል። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ቀቢው ይጠንቀቅ።

ጣውላውን አያስነሱት። በአሁኑ ጊዜ እንደዚያ ያለ ወለል እንሥራ ቢሉ ዋጋው አይቀመስም። የላላው ይመታ፣ የበሰበሰው ብቻ ይቀየር፣ ከዚያ በማሽን ይላግ። ለዓመታት በቼራ ሲወለወል ከኖረ ቼራው ሙልጭ ብሎ ካልወጣ ቫርኒሽ አይይዝለትም፤ ይህን ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት። ቫርኒሹ ማት ይሁን፤ የሚያብረቀርቀው ጭረት ያሳያል፣ ለእግርም ያዳልጣል። ኮርኒሱን በተመለከተ ጂብሰም ክብደት አለው፣ ጣሪያው አንዴ ካፈሰሰ ደግሞ ይፈርሳል። አናጢ ወጥቶ ማገሩን ሳያይ ምንም አይሰቀል። ቆርቆሮው ከተጠገነ አዲስ አቡጀዴ ተወጥሮ ነጭ ቢቀባ ቤቱ የራሱን መልክ እንደያዘ ይታደሳል።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ነው ያደግሁት፤ አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሳሎኔን ቀይ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ የእናቴን ቤት እንዲያስታውሰኝ። አከራዩ ግድግዳ መቀባት አይፈቅድም። ባለቤቴም «ቀይ ያፍነናል» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚና የእናትሽን ቤት አስታውሺ። ቀዩ የት ነበር? ወለሉና ነደባው፣ ማለትም ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ ላይ ነው፤ ሰው በሚቀመጥበትና እግሩ በሚያርፍበት። በአፈ ታሪክ ያ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ግን ነጭ ነው፤ እሱም በስፌትና በሳህን ያጌጠ። እናትሽ ቤት ቀይ ያላፈናችሁ ለዚህ ነው፣ ከታች ስለነበረ።

ባለቤትሽም ያለ ምክንያት አልፈራም። አመሻሹ ላይ ብርሃን ሲደክም ከቀለሞች ሁሉ ቀድሞ ለዓይናችን የሚጠቁረው ቀይ ነው። አራት ቀይ ግድግዳ ቢኖራችሁ 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ ጠቦ ይታያችሁ ነበር።

ስለዚህ የአከራዩ ነጭ ግድግዳ ጠላትሽ አይደለም። ቀዩን ከጉልበት በታች አውርጂው። የሸክላ አፈር መልክ ያለው ቀይ ምንጣፍ ይሁን፣ የቲማቲም ቀይ አይሁን። ከሶፋ ይልቅ ዝቅ ያለ መደብ አሠሪና ትራሱን ቀይ አልብሽው። ስፌቶችሽን በሙሉ አንድ ግድግዳ ላይ አሰባስቢያቸው፤ ተበታትነው ሲሰቀሉ ጌጥ ብቻ ይሆናሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ያደግሽበትን ቤት ያመጡልሻል። ለምስማር አከራዩ ካልፈቀደ ሳይጎዳ የሚነሳ ማጣበቂያ መስቀያ እዚያው ከሱቅ አለ። አምፖሉ 2700 ኬልቪን ይሁን፣ ከኮርኒስ ይልቅ በጠረጴዛ መብራት አብሪው።

ምንጣፉን ከመግዛትሽ በፊት ግን ቀይ አንሶላ ወለሉ ላይ ዘርግተሽ አንድ ሳምንት ኑሩበት። ለባለቤትሽ ምንም አትንገሪው፣ በሰባተኛው ቀን ጠይቂው።